ደረጃ የሌለው በር

ስለ ቤት ብዙ አንብቤአለሁ። ዓምድ ስለ ምን ከወገቡ ወፈር እንደሚል፣ መስኮት ስለ ምን ወደ ምሥራቅ እንደሚያይ፣ የቤተ መንግሥት ጣሪያ ከድሃ ጎጆ ምን እንደ ወረሰ የሚጠይቀኝ ሰው ቢገኝ፣ በመጠየቁ እስኪጸጸት ድረስ አስረዳዋለሁ። ያላነበብኩት አንድ ነገር ነበር፤ እሱም በማስተር ፕላኑ ግርግር ሰሞን ሰበታ ውስጥ ሜትር ዘርግቶ ግድግዳ ሲለካ የተገኘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ነው። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ስላልተጻፈ፣ ትምህርቱን በአካል ተገኝቼ ተከታትያለሁ።

መሥሪያ ቤቴ አዲስ አበባ፣ ማደሪያዬ ሰበታ ነው። ይህን የወሰነው ምርጫዬ ሳይሆን የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ነው። የምኖረው በእማማ ትርንጎ ግቢ፣ ሰርቪስ ውስጥ ነው። ሰርቪሷ ከአልጋዬ፣ ከመጻሕፍቴና ከራሴ በቀር ሌላ አታስገባም፤ እንግዳ ሲመጣ ከሦስታችን አንዳችን መውጣት አለብን። ሆኖም ቅሬታ የለኝም። ጠዋት በሬን ስከፍት ፊት ለፊቴ የሚቆመው ዋናው ቤት ነውና።

ያንን ቤት እንዴት ልግለጸው? ምድርና ደርብ ነው። ሥጋው ጭቃ፣ አጥንቱ ከወጨጫ ተራራ የወረደ ጽድ፣ ባርኔጣው ቆርቆሮ። በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተፈለፈለ እንጨት ተንጠልጥሎበታል፤ አልፎ አልፎ ጥርሱ ወልቋል። የመስኮቶቹ መስተዋት አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ ቢጫ፣ አንዳንዱ የፓስታ ካርቶን ነው። የደርቡ ወለል ሲረገጥ ስለሚያቃስት፣ እማማ ትርንጎ ከአልጋቸው ሲነሡ ሰፈሩ በሙሉ መንጋቱን ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን በጓሮ በኩል፣ ደርቡ ላይ ያለው በር ነው። ሙሉ በር ነው፤ መቃን አለው፣ ደፍ አለው፣ ማጠፊያ አለው። የሌለው ደረጃ ነው። ሰገነትም የለውም። ከፍቶ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው አየር ነው፤ ከአየሩ ቀጥሎ የጎረቤታችንን የኦቦ ጉተማን የገብስ ማሳ ያገኛል።

በተከራየሁ ሰሞን እማማ ትርንጎን በትሕትና ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ይህ በር ምንድን ነው?»

«በር ነዋ!» አሉኝ፣ ለመጻሕፍቴ አዝነው።

«ደረጃው የት ሄደ ማለቴ ነው።»

«ነበረው ማን አለህ?»

«ታዲያ በምን ይወጡበት ነበር?»

«እኔ ተድሬ ስመጣም እንዲሁ ነበር። ልጆቼ ከፍተው እንዳይወድቁብኝ ቁምሳጥን አስደገፍኩበት። ከዚያ ወዲህ በሩም እኔን አልጠየቀኝ፣ እኔም በሩን አልጠየቅሁት። አንተ ምን ሆነህ ነው በሰው በር የምትጨነቀው?»

እኔ ግን ተጨነቅሁ። በመጀመሪያ በሩ የፈረሰ ሰገነት ትዝታ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ነገር ግን ግድግዳው ላይ ሰገነት የተሰካበት አንድም ቀዳዳ አልነበረም። ከዚያ ከጠላት ማምለጫ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ከዚያ ከፍታ ዘሎ የሚያመልጥ ሰው ግን ከጠላቱ እጅ ወጥቶ ወጌሻ እጅ ይገባል። በመጨረሻም እህል ከበቅሎ ጀርባ በገመድ ይሳብበት ነበር አልኩ፤ ይህን ሐሳብ ወድጄው ነበር፤ መንጠቆ ፈልጌ ባጣ ጊዜ ግን እሱንም ተሰናበትኩት።

ነገሩ የጉጉት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመላ ምት ባለቀ። ግን አንድ ቀን ከቀበሌ የመጣ ሰው መንገዱ ሊሰፋ እንደሚችል፣ ከሰፋም የእማማ ትርንጎን ቤት ሳይነካ እንደማያልፍ፣ ቆሞ እንኳ ሳይሆን እየሄደ ተናግሮ አለፈ። እማማ ትርንጎ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። በጓሮ በኩል ጎረቤታቸው የሆኑት ኦቦ ጉተማም እንደዚያው። መንገዱ ቤቱን ከበላ ቀጥሎ የሚጎርሰው የእሳቸውን ማሳ ነው፤ ከአባታቸው መሬት የቀረቻቸው ደግሞ ያቺው ናት። ሌላው ቪላ በቅሎበታል።

እኔም በቅርስነት የተመዘገበ ቤት በቀላሉ እንደማይፈርስ አንብቤ ስለ ነበር፣ ቤቱን አስመዘግባለሁ ብዬ ተነሣሁ። ለዚህም የሚያስፈልገው የቤቱ ልክ የተመለከተበት ንድፍና ታሪኩ ነው። ታሪኩን ከሰው እሰማለሁ፣ ልኩን ራሴ እለካለሁ አልኩ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ዕቅድ እንዲህ ባለ ጊዜ ያወጣ ሰው ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ጊዜው ምን እንደሚመስል አንባቢ ያስታውሳል። ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ ሰው ሁሉ የሚያወራው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል ስለተባለው ማስተር ፕላን ነበር። መሬት ያለው ስለ መሬቱ ይጨነቃል፤ መሬት የሌለው ስለ መንገዱ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ከሆነ ነገ ድንጋይ ይደረደርበታል። የዚያ ሰሞን ሐዘን ይህ ወግ የሚሸከመው አይደለም፤ እኔ የምናገረው መንገድ ተዘግቶበት ሥራ መሄድ ያልቻለ ሰው፣ ሱቅ ሁሉ በተዘጋበት፣ ሰፈሩ ደጃፍ ደጃፉ ላይ ቆሞ ወሬ በሚጠብቅበት አንድ ጠዋት ምን እንዳደረገ ብቻ ነው።

ያደረግሁት ይህ ነው። በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ጀመርኩ። የሜትሩን ጫፍ በድንጋይ አስያዝኩ፤ እርሳስ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ፤ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አንዴ ወደ ቤቱ፣ አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ ኦቦ ጉተማ ማሳ እያየሁ እጽፍ ጀመር። በሰበታ ሰማይ ሥር፣ በዚያ ዕለት፣ ከዚህ የከፋ ሥራ እንደሌለ የገባኝ ግድግዳው ላይ ከእኔ ጥላ ሌላ ብዙ ጥላ ሳይ ነው።

ዞር ስል ቶላ ነበር። ቶላ ባጃጅ ነጂ ነው፤ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ባጃጁም ምላሱም ሥራ ፈትተዋል። ከኋላው የሰፈሩ ወጣቶች ቆመዋል።

«ብራዘር፣ ለማን ነው የምትለካው?»

«ለታሪክ» አልኩት።

ቶላ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ታሪክ የሚባል ኢንቨስተር የሚያውቅ አለ?»

ማንም አያውቀውም። እኔም ነገሩን ለማብራራት ተነሣሁ፤ ይህም ሁለተኛው ስሕተቴ ነበር። «ወንድሞቼ፣ መረጃው ከተጠናቀረ በኋላ ለሚመለከተው አካል ቀርቦ፣ አካሉ አጥንቶ ተገቢውን ውሳኔ…»

«የሚመለከተው አካል አለ!» ሲል አንዱ ጮኸ።

«ተገቢ ውሳኔም አለ!» አለ ሌላው።

ያን ጊዜ የገባኝን እውነት ልናገር፦ እኔ በተፈጥሮዬ የምናገረው እንደ ደብዳቤ ነው። በሰላም ጊዜ ይህ ጨዋነት ይባላል። በዚያ ጠዋት ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር ከውስጡ ቢሮ ይወጣ ነበር። ቶላ ሜትሩን ከእጄ ወስዶ እንደ ያዘው እባብ አንጠለጠለው። ሰው በዛ። አንዲት ሴት «እኔ ቤት ጋ ደግሞ ትናንት ማን ነበር የቆመው?» ብላ ጠየቀች፤ ወዲያው ትናንት እዚያ የቆምኩት እኔ ሆንኩ።

በመካከሉ ኦቦ ጉተማ ከነዱላቸው ደረሱ። ወጣቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ፣ ወደ ሜትሩ፣ ከዚያ ወደ ማሳቸው ተመለከቱ።

«ማል ጎታ?» አሉኝ፤ ምን እያደረግህ ነው ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር፤ የፈራሁትም እሱን ነው።

አፌን ሳልከፍት የደርቡ መስኮት ተከፈተና የእማማ ትርንጎ ራስ ብቅ አለ። «ኧረ ልቀቁት! ተከራዬ ነው! ማንበብ እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም!»

«ትርንጎ፣ ይሄ ልጅ ቤትሽን እየለካ ነው እኮ» አሉ ኦቦ ጉተማ።

«እንዳይፈርስ ነው የሚለካው!»

«እንዳይፈርስ ተብሎ የሚለካ ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እማማ ትርንጎ አሰቡ። «አላውቅም» አሉ በሐቅ። «ግን ይኸኛው ልጅ ከሰው የተለየ ነው።»

ይህ ምስክርነት የሚያኮራ ባይሆንም አዳነኝ። ኦቦ ጉተማ ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠውኝ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኝ አሉ። የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ በአጫጭር ዐረፍተ ነገር ተናገርኩ። አሮጌ ቤት ነው። አሮጌ መሆኑ ከታወቀ አይነካም። ቤቱ ካልተነካ መንገዱ አይሰፋም። መንገዱ ካልሰፋ ገብሱ ይቆማል።

ሽማግሌው ፈረዱ፤ ልኬቱ ይቀጥላል፣ ሜትሩ ግን እሳቸው ዘንድ ያድራል፣ እሳቸው ጫፉን ሳይዙም አንዲት ክንድ አይለካም። «ሜትር ብቻውን ሲሄድ ጥሩ አይደለም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን የለካነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔ አንብቤ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ሌላውን ጫፍ ይዘው ሜትሩ ወደ ማሳው አቅጣጫ እንዳይሻገር ይጠብቃሉ።

እየለካን ታሪኩን ጠየቅሁ። እንደ ኦቦ ጉተማ አባባል ቤቱን የሠሩት አያታቸው ናቸው፤ ጽዱን ከወጨጫ በትከሻቸው አውርደዋል። እማማ ትርንጎ ከመስኮት ሆነው ይህን ሰሙ።

«አያትህ ተሸከመ እንጂ ሠራ? የሠራው አርመን ነው!»

«አርመኑ አመልክቶ ቆሞ ነበር። እንጨቱን ማን አቆመው?»

«የባሌ አባት ከፍሎ ነዋ ያስቆመው!»

«ከፍሎ? ኧረ አንቺ ትርንጎ! አያቴ እስኪሞት ይጠብቅ ነበር!»

ይህን ክርክር ከእኔ መወለድ በፊት እንደ ጀመሩትና እንደማይጨርሱት ገባኝ፤ ሳቅ አለበት፣ አንዳቸው ሲደክሙም ሌላኛቸው ቆመው ይጠብቃሉ። የሰፈራችን ባለሱቅ በበኩላቸው ገንቢው ህንድ ነው ብለው ማሉ። ህንድ ለመሆኑ ማስረጃ ሲጠየቁ፣ ጥርሱ የወለቀውን የጣሪያ ጥልፍ እያሳዩ «ይሄን ትዕግሥት ማን አለው?» አሉ። እኔም ሦስቱንም ጻፍኩ፤ ስለ በሩ ግን ከሦስቱ አንዱም የሚያውቅ አልነበረም። «አርመኑና አያቴ ተጣልተው ይሆናል» አሉ ኦቦ ጉተማ፤ «አንዱ በር ሠራ፣ ደረጃው የሌላው ተራ ነበር።» ከእኔ መላ ምቶች ሁሉ የተሻለው ይህ መሆኑን ማመን ከበደኝ።

በዚህ መካከል ወሬው ተሰራጨ። አሮጌ ቤት እንደማይነካ የሰማ ሰው ሁሉ ወደ ሰርቪሴ ይመጣ ጀመር። ባለሱቁ ራሳቸው አንድ ማለዳ አንኳኩ። «የኔንም ቤት አስረጅልኝ» አሉ። የእሳቸው ቤት የብሎኬት ነው፤ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው ማለት ይቻላል። «መጠነኛ ዕድሜ ይበቃኛል፤ እንደ እማማ ትርንጎ አላበዛም» ሲሉ አግባቡኝ። አንዲት ሴት ደግሞ የግቢዋን በር አውልቃ፣ ዝገት እንዲይዘው ዝናብ ላይ እንዳስቀመጠችው አስታወቀችኝ። ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ሳቁ ቆመ። ቤቱ ያረጅለት ዘንድ የሚመኝ ሰው ምን ያህል ፈርቶ እንደ ሆነ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም።

ንድፉ ሲያልቅ፣ መንገድ በተከፈተበት አንድ ቀን ይዤው ወደ ከተማ ሄድኩ። በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያገኘኋቸው ሰዎች በደግነት ተቀበሉኝ፤ ባለሙያዎች በሚቀጥለው ሳምንት መጥተው ቤቱን እንደሚያዩም ነገሩኝ። ከደስታዬ የተነሣ ወዲያው ለእማማ ትርንጎ ደወልኩ።

«እማማ፣ እንግዶች ይመጣሉ! ቤቱን ሊያዩ!»

«ለቤቱ ብለው? ከአዲስ አበባ?»

«አዎን! ስለዚህ አደራዎን፣ ቤቱን…»

ኔትወርኩ ጠፋ። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ሲጠፋ ተመልሶ ለመምጣት አይቸኩልም። በዚያው ዕለት ወደ ሰበታ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ እኔም መመለሻ አጥቼ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ሶፋ ላይ ሰነበትኩ። «አትንኩት» የምትለው ቃል ግን ከእኔ ጋር ሶፋው ላይ ቀርታለች።

መንገዱ በከፊል ሲከፈት እስከ ፉሪ በታክሲ፣ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። የተንከባለሉ ድንጋዮች፣ የተቃጠለ ጎማ አመድ፣ የዛፍ ግንድ እያለፍኩ ሰፈሬ ስደርስ፣ ከሩቅ እልልታ ተቀበለኝ። ቶላ ሮጦ አቀፈኝ። «ዶክተር! ና እይ! አታምንም!»

አላመንኩም። ቤቱ ሮዝ ሆኗል።

ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ሮዝ ተቀብቷል፤ ባለሱቁ መጋዘን ውስጥ የቀረው ቀለም እሱ ነበርና። የጣሪያው ጥልፍ የግቢ በር በሚቀባበት ብርማ ቀለም ያብረቀርቃል፤ የወለቁት ጥርሶች በቆርቆሮ ተተክተዋል። ቀይና ቢጫ መስተዋቶቹ ወጥተው ጥርት ያለ አዲስ መስተዋት ገብቷል። ቤቱ ትናንት የተከፈተ የሕፃናት ክሊኒክ ይመስል ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ሱሪው ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሞ ፊቴን ያያል።

እንደዚህ ያለውን ስሕተት በሌላ አገር የሚሠሩት አይመስለኝም። እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቤት ይታደሳል፤ ለሠርግም፣ ለዓመት በዓልም፣ ለአማች ጥየቃም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሥራ የፈታ እጅ ሞልቶ ነበር። እርስ በርሱ በዓይን መተያየት ያቆመ ሰፈር፣ በሩን ዘግቶ ይውል የነበረ ሰፈር፣ ተሰባስቦ አሸዋ አበጠረ፣ ሲሚንቶ አቦካ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ እንኳ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እማማ ትርንጎ አዲስ ነጠላ ለብሰው ወጡ። «እንዴት ነው ልጄ?»

ስለ ቅርስ እውነተኛነት አጭር ትምህርት ሰጠኋቸው። አጭር ነበር፤ ግን ሳልጨርስ የነጠላቸውን ጫፍ ማጣጠፍ ጀመሩ።

«እንግዳን በአሮጌ ግድግዳ ተቀበይ ነው የምትለኝ?»

«አዎን፣ እማማ።»

«ለሰው እንደዚህ ይደረጋል?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታዲያ ሊያፈርሱብኝ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ለዚያ ጥያቄ መልስ ለማጣት እንደ ነበር ተሰማኝ። ኦቦ ጉተማ አጠገባቸው ቆመው የሮዝ ቀለም የነካ ዱላቸውን ያያሉ።

ባለሙያዎቹ በማግሥቱ መጡ። አንድ መነጽር ያደረጉ ሰብሳቢና አንዲት ወጣት ባለሙያ ናቸው። መኪናው የቆመው እማማ ትርንጎ ቤት ደጅ ነበር፤ እነሱ ግን ወርደው ወደ ጎረቤት ግቢ አመሩ። ሮጬ መለስኳቸው።

ሰብሳቢው ቤቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ይህ ነው?»

«ይህ ነው» አልኩ፣ አስከሬን እንደሚለይ ሰው።

«መቼ ነው የተሠራው?»

እኔ ስለ አርመኑ፣ ኦቦ ጉተማ ስለ አያታቸው ለመናገር አፋችንን ስንከፍት፣ ቶላ ቀደመን። «ሐሙስ ነው የጨረስነው!» አለ በኩራት።

ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አጠፉ። ያቺ የወረቀት ድምፅ እስካሁን ትሰማኛለች። እማማ ትርንጎ «ግቡ እንጂ፣ ምሳ ተሰናድቷል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ሰብሳቢው ጊዜ እንደሌላቸው በጨዋነት እያስረዱ ሳለ፣ ባለሙያዋ ከሁላችንም ተለይታ ወደ ጓሮ ዞረች።

«ይኼስ ምንድን ነው?» የሚል ድምፅ ከዚያ መጣ።

እማማ ትርንጎ ደረታቸውን መቱ። «ኧረ እሱን አትዪብኝ፣ የኔ ልጅ! ጓሮ ነው፣ እንግዳ አያየውም ብለን ነው!»

ተከትለናት ዞርን። የጓሮው ግድግዳ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ሮዝ ነው። እዚያ ላይ ቀለሙ እንደ ሰነፍ ጎርፍ ደርቆ ቆሟል። በላዩም ያ በር፣ አመድማ፣ ስንጥቅጥቅ፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል።

«ለምን አልጨረሳችሁትም?» አልኩ።

ቶላ አንገቱን ደፋ። «መሰላሉን… ለመንገድ መዝጊያ ወስደነው ነበር።»

የእማማ ትርንጎ ረጅሙ የባሕር ዛፍ መሰላል፣ ቀለሙ ጓሮ በደረሰ ዕለት፣ ከድንጋዩና ከግንዱ ጋር ተሰልፎ መንገድ ሲዘጋ ከርሟል። ቶላ ሮጦ ሄዶ ከመንገዱ ዳር አመጣው፤ አንዱ ጫፉ ተለብልቧል። ባለሙያዋ ወጣች። በሩን በጣቷ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው፣ ጆሮዋን አስጠጋችው።

«ሚስማር የለውም» አለች ከላይ ሆና። «ሁሉም በእንጨት ችንካር ነው የተያያዘው። ማጠፊያው በእጅ የተቀጠቀጠ ነው። ይህ የመጥረቢያ ምት ነው… ጋሼ፣ ከውስጥ ይክፈቱልኝ እስቲ!» አለችና ወረደች።

ሰብሳቢው፣ እኔና ወጣቶቹ ወደ ደርቡ ወጣን። ቁምሳጥኑን ስንገፋ ወለሉ እንደ ወላድ አቃሰተ። ከቁምሳጥኑ ጀርባ፣ በመቃኑ ግራና ቀኝ፣ ሲሚንቶም ሮዝም ያልደረሰበት የጥንቱ ግድግዳ ብቅ አለ፤ በጭቃው ላይ የመራጊዎቹ ጣቶች ያስቀሩት ማዕበል የመሰለ መስመር እንዳለ ነው። አንዷ ጣት ከሌሎቹ አጠር ትላለች። ማን ነበረች? ከላይ እስከ ታች ያቺን አጭር ጣት ተከትዬ ስሄድ፣ ሰብሳቢው መቀርቀሪያውን ሳቡ፤ በሩ ቁምሳጥን ከተደገፈበት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። ብርሃን ገባ። ሰብሳቢው በመደነቅ ሊወጡ አንድ እግራቸውን አነሡ።

«ደረጃ የለውም!» ብሎ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

ቶላ ከኋላ ኮታቸውን ያዘ። ሰብሳቢው ደፉ ላይ ቆመው፣ እግራቸው አየር ላይ ሆኖ፣ ገብሱን፣ ከገብሱ ወዲያ ወጨጫን አዩ። ከዚያ እግራቸውን ሰበሰቡና የታጠፈውን ወረቀት ዘረጉ።

«ደረጃው የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ እንደ ወንድም ወደድኳቸው።

ምሳውን በሉ። ውሳኔው ቆይቶ መጣ፤ ንባቡንም ለሰፈሩ እኔ ነኝ ያሰማሁት፣ ለእንዲህ ያለ ቋንቋ አፌ የተፈጠረ ስለ ሆነ። ሮዙ ሕንፃ በቅርስነት አልተመዘገበም። የተመዘገበው በሩና በዙሪያው ያለው ግድግዳ ነው። ነገር ግን በሩ ያለ ደርቡ፣ ደርቡም ያለ ምድር ቤቱ መቆም ስለማይችል፣ ቤቱ በሙሉ «የበሩ መደገፊያ» ሆኖ እንዳይነካ ተወስኗል። በተጨማሪም ደረጃው የት እንደ ነበረ እስኪጠና ድረስ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው መሬት ባለበት እንዲቆይ ይላል።

«ፊት ለፊት ያለው መሬት ማለት?» አሉ ኦቦ ጉተማ።

«ገብስዎ ነው» አልኳቸው።

የሽማግሌው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ የወጣው ዱላቸውን አስጥሎ ነው። «እንኳን ያ አርመን ደረጃውን አልሠራ!»

«ደረጃው የአያትህ ተራ ነበር አላልክም?» አሉ እማማ ትርንጎ።

«ዹጋ! እውነትሽን ነው! አያቴ ነው ያልሠራው! አስቦ ነው!»

ከዚያ ወዲህ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ መንገዱም አልመጣም። በእኛ በር ምክንያት ይሁን በሌላ፣ የነገረን የለም። ገብሱ ታጭዶ ተዘርቷል፤ ባለሱቁ ቤታቸው በተፈጥሮ እንዲያረጅ ትተውታል። እኔም ደረጃው ኖሮ ይሁን አልኖረ እስካሁን አላወቅሁም፤ አንዳንድ እሑድ እማማ ትርንጎን አስፈቅጄ ደፉ ላይ እቀመጥና እግሬን አየር ላይ ሰቅዬ አስባለሁ።

አንድ ችግር ብቻ ቀርቶናል። እማማ ትርንጎ አሁን ቤታቸው የሚከበረው በዚያ በር መሆኑን ያውቃሉ፤ የተከበረ በር ደግሞ እንዲያ አመዳም ሆኖ ሰው ፊት መቆሙ ያሳፍራቸዋል። ሮዝ ቀለም ተርፏል፤ አልጋቸው ሥር እንዳስቀመጡት አይቻለሁ። መሰላሉን ግን አላገኙትም። መሰላሉ ያለው እኔ ሰርቪስ ውስጥ ነው። ከክፍሌ ስለሚረዝም የቆመው በሰያፍ ነው፤ እኔም የምተኛው በሰያፍ ነው፤ መጻሕፍቴ በእርከኖቹ ላይ ተደርድረዋል።

በዓል በደረሰ ቁጥር እማማ ትርንጎ ደጄን ያንኳኳሉ።

«ልጄ፣ መሰላሌን አይተህልኛል?»

«ምናልባት መንገድ እየዘጋ ይሆናል፣ እማማ» እላቸዋለሁ፣ በሩን በጀርባዬ ይዤ።